ማዕረግና እረኝነት፦ የሳልቬሽን አርሚን የአገልግሎት ሥርዓት ከኮልፌ ቀራኒዮ ሆኖ ማንበብ

ባለፈው ሴሚስተር በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ኮርስ ላይ ኤጲስ ቆጶሳዊ፣ ሽማግሌያዊና ጉባኤያዊ የሚባሉትን ሦስት ሥርዓቶች ጨርሰን ደብተር ስንዘጋ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ወታደራዊ የሚባልስ የለም?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አንደኛ ነገር፣ አለ፤ ራሱን ሠራዊት ብሎ የሰየመ፣ አገልጋዮቹን በማዕረግ የሚጠራ፣ የደንብ ልብስ የሚያለብስ ቤተ እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ሁለተኛ፣ ተማሪው የሚያገለግልባት አጥቢያ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ጥያቄው ከመጽሐፍ የመጣ አልነበረም።

የምኖረው ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። የክፍለ ከተማችንን ስም ቆም ብሎ ያሰበበት ሰው ሁለት ነገር እንደተጋጠመበት ያያል። ኮልፌ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚያ ነው። ቀራኒዮ ደግሞ ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት አጥቢያዎቻችን እሑድ ጠዋት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ቋንቋ ግን ከሁለቱ ወደ አንደኛው ያዘነብላል። ስብከተ ወንጌሉ «ዘመቻ» ነው። የጸሎት ቡድኑ «ኮማንዶ» ነው። መሪው «የእግዚአብሔር ጄኔራል» ነው። መዘምራኑማ ዩኒፎርም ከለበሱ ቆይተዋል።

ቃሉን ብቻ አይቼ ልፈርድ አልፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የጦር ዕቃ፣ ወታደር፣ ምሽግ ይላል። የሚያሳስበኝ ቃሉ ቀስ በቀስ አስተዳደር መሆኑ ነው። ስለዚህ ይህን ቋንቋ ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘውን ቤተ እምነት መመርመር ይጠቅመናል። እናንተም አጥቢያችሁን በሐሳባችሁ ይዛችሁ አንብቡት። (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሲቀየር

ሳልቬሽን አርሚ፣ በእኛ ቋንቋ የድኅነት ሠራዊት፣ ሲጀመር ሠራዊት አልነበረም። መሥራቹ ዊልያም ቡዝ በ1829 በኖቲንግሃም የተወለደ፣ በሜቶዲስቶች ዘንድ ያገለገለ ሰባኪ ነው። በ1865 ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር በምሥራቅ ለንደን፣ በዋይትቻፕል ድሆች መካከል፣ በድንኳንና በአደባባይ መስበክ ጀመረ። ሥራው «ክርስቲያን ሚሽን» ተባለ፤ የሚመራውም እንደ ሜቶዲስቶች ልማድ በየዓመቱ በሚሰበሰብ ጉባኤ ነበር። በ1878 ስሙም አመራሩም ተለወጠ። እንደሚተረከው ለኅትመት በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ ሚሽኑ «የበጎ ፈቃደኞች ሠራዊት» ተብሎ ነበር። የቡዝ ልጅ ብራምዌል «እኔ በትርፍ ጊዜው የሚዘምት አይደለሁም» በሚል ስሜት ሲቃወም፣ አባትየው ብዕር አንሥቶ «የበጎ ፈቃደኞች» የሚለውን ሰረዘና «የድኅነት» ብሎ ጻፈበት።

ከዚያ በኋላ ቋንቋው ሁሉን ወረሰ። አጥቢያው «ኮር» ተባለ። ምእመኑ ወታደር፣ የሥልጠና ተማሪው ዕጩ መኮንን፣ እረኛው መቶ አለቃ ወይም ሻምበል ሆነ። በላዩ ሻለቃ፣ ኮሎኔል፣ ኮሚሽነር፤ በሁሉም ላይ ጄኔራል። ጋዜጣቸው «የጦርነት ጩኸት» ነው። አማኝ ሲያርፍ «ሞተ» አይሉም፤ «ወደ ክብር ማዕረግ ዐደገ» ይላሉ። በጎረቤታችን በኬንያ ከ1921 ጀምሮ አሉ፤ ዛሬም በዚያ ትልቅ ቤተ እምነት ናቸው።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ መጋቢ መጀመሪያ የሚያስበው ክብሩን ነው፤ ኮከብ፣ ሰላምታ፣ ቀጥ ብሎ መቆም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1880ዎቹ በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ራሳቸውን «የአጽም ሠራዊት» ያሉ ቡድኖች የእነዚህን ሰባኪዎች ሰልፍ በድንጋይና በበሰበሰ አትክልት ይደበድቡ ነበር። ብዙዎቹን ያስቆጣው መጠጥ መቃወማቸው ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ከሩቅ ይለያል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይመታል። ልብሱ ለባሹን ከፍ አላደረገውም፤ ለድንጋይ አጋለጠው። ሌሊት መጠጥ ቤት ደጃፍ የወደቀ ሰው ደግሞ ዩኒፎርሙን ሲያይ ማን ሊያነሣው እንደመጣ ያውቅ ነበር።

በ1890 ቡዝ «በጨለማይቱ እንግሊዝ ውስጥና መውጫው መንገድ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ከመጽሐፉ የማይረሳኝ የፈረሶቹ ነገር ነው። የለንደን የጋሪ ፈረስ መንገድ ላይ ቢወድቅ ያነሡታል፤ በሕይወት እስካለ ድረስም መኖና ማደሪያ፣ ሥራም አለው፤ ለሰው ግን ይህን ያህል እንኳ አልተደረገለትም የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ ይህን ሳነብ በዓይኔ የመጣው በሰፈራችን አስፋልት ላይ እህል ተጭኖ የሚነዳ አህያ ነው። አህያ ከነጭነቱ ሲወድቅ ታክሲው ይቆማል፣ ሁለት ሦስት ሰው ይሮጣል፣ ጭነቱ ይፈታል። አጠገቡ የተኛውን ሰው ግን ተሻግረነው እናልፋለን፤ እኔም ወደ ጉባኤ ስሮጥ ተሻግሬ አልፌያለሁ።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ለሴሚናሪ ተማሪዎች ነውና አልዘለውም። ሳሙኤል ብሬንግል የተባለ የተማረ አሜሪካዊ ሰባኪ በ1887 ወደ ለንደን መጥቶ ሠራዊቱን ልቀላቀል አለ። ቡዝ ተጠራጠረው፤ ለረጅም ጊዜ የራሱ አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው መታዘዝ ይከብደዋል ብሎ አሰበ። ተቀበለውና ወደ ሥልጠናው ቤት ምድር ቤት ላከው፤ የሌሎቹን ሠልጣኞች ጭቃ የያዘ ጫማ እንዲያጸዳ። ብሬንግል በጨለማው ክፍል ተቀምጦ «ከትልቅ መድረክ የመጣሁት ለዚህ ነው?» ብሎ ታገለ። በመጨረሻ ግን እግር ያጠበውን ጌታ አስታወሰ። ይህ ሰው ኋላ በሠራዊቱ ውስጥ ከታወቁት የቅድስና መምህራን አንዱ ሆኗል። ልብ በሉ፤ የመታዘዝ ፈተናው የአለቃን ጫማ መጥረግ አልነበረም። የጠረገው የእኩዮቹንና ከእርሱ ያነሰ የተማሩትን ጫማ ነው። በእኛ ቤት ቦርሳ ተሸካሚ ወጣት የሚለማመደው የየትኛውን መታዘዝ ነው?

ሴቶችንም ሳላነሣ አላልፍም። ካትሪን ቡዝ ሴት እንድትሰብክ የሚሟገት ጽሑፍ ያሳተመችው በ1859 ነው፤ ሠራዊቱ ገና ሳይኖር። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሴት መኮንን ሆና ትሰብካለች፣ ኮር ትመራለች። ልጃቸው ኤቫንጀሊን በ1934 ጄኔራል ሆና ተመረጠች። ያም ሆኖ ያገቡ ሴቶች መኮንኖች ለብዙ ዘመን ምደባቸው በባላቸው ምደባ ጥላ ሥር ይወድቅ ነበር። ደንብ ሲፈቅድም ልማድ ይከለክላል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙውን ጊዜ ደንቡም አልፈቀደም፤ ጾም ጸሎቱንና ጥየቃውን የሚሸከሙት ሴቶች ሆነው ሳለ።

ጄኔራሉን ማን ያወርደዋል?

አሁን ወደ ድክመቱ። በ1878 የተፈረመው ሰነድ የጉባኤውን ሥልጣን አንሥቶ ሁሉን በአንድ ሰው እጅ አኖረ። ንብረቱ በጄኔራሉ ስም ነው፤ ምደባው በጄኔራሉ ቃል ነው፤ ተተኪውን ራሱ መርጦ በታሸገ ፖስታ ያስቀምጣል። ዊልያም ቡዝ በ1912 ሲያርፍ ፖስታው ተከፈተ። ውስጡ የተገኘው የልጁ የብራምዌል ስም ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያንን እንደ ርስት ለልጅ ሲያወርሱ ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ተቺ አልጠፋም። የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቁ ቶማስ ሃክስሊ ከ1890 መጨረሻ ጀምሮ ለ«ታይምስ» ጋዜጣ ተከታታይ ደብዳቤ ጻፈ። አማኝ አልነበረም፤ ለድሆችም ከቡዝ የተሻለ ያደረገው ነገር የለም። ሆኖም ሰዎችን ለአንድ አዛዥ ያለ ጥያቄ እንዲታዘዙ የሚያሠለጥን ድርጅት፣ ዛሬ አዛዡ ቅን ቢሆን እንኳ ነገ አደገኛ ነው ማለቱ ትክክል ነበር። ከውጭ የመጣ ትችትን «ጠላት ነው» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ቡዝ ግን ለመጽሐፉ ዕቅድ ከሕዝብ የሰበሰበው ገንዘብ በገለልተኛ ኮሚቴ እንዲመረመር ተስማማ፤ ኮሚቴው በ1892 ገንዘቡ በመሠረቱ ለታሰበለት ሥራ መዋሉን መሰከረ። ቡዝ ጄኔራልም ሆኖ መዝገቡን ከፍቷል።

ሌላም አደረገ። በ1904 በተጨመረ ሰነድ፣ ጄኔራሉ ለሥራው ብቁ ሳይሆን ቢቀር ከፍተኛ መኮንኖች ተሰብስበው የሚያነሡበትን መንገድ አኖረ። ያ አንቀጽ ሃያ አምስት ዓመት ተኛ። በ1929 መጀመሪያ ተነሣ። ብራምዌል አርጅቶ ታሞ ነበር፤ ቤተሰባዊ አገዛዙም ብዙዎችን አስመርሮ ነበር። ከልዩ ልዩ አገር የተጠሩት መኮንኖች ከለንደን ወጣ ብላ ባለችው በሰንበሪ ተሰበሰቡ። ብራምዌል ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በመጨረሻ ሸንጎው አነሣውና ኤድዋርድ ሂጊንስን መረጠ። ብራምዌል በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዐረፈ። በ1931 በወጣ ሕግ ጄኔራል ተተኪውን በፖስታ መሾሙ ቀረ፤ ንብረቱም ከአንድ ሰው ስም ወጣ።

ይህ የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ሽማግሌ ከታመመበት አልጋ ሥልጣኑን ተነጠቀ። ቢሆንም ለእኔ በዚህ ቤተ እምነት ታሪክ ውስጥ ከሰልፉና ከሙዚቃው ይልቅ የሚበልጠው ምዕራፍ ይህ ነው። ራሱን ሠራዊት ብሎ የሚጠራ ቤት፣ የጄኔራሉ ቃል ሕግ በሆነበት ቤት፣ ጄኔራሉን ያወረደው በራሱ በተጻፈ ደንብ ነው። መፈንቅለ መንግሥት አልነበረም፤ ቤቱም ለሁለት አልተከፈለም። በእኛ አካባቢ የመሪ ለውጥ የሚመጣው አንድም በሞት፣ አንድም በመከፈል ነው፤ ከአንዲት አጥቢያ ሁለት ቦርድ፣ ሁለት ማኅተም፣ የፍርድ ቤት ዶሴ። እኛ ከወታደር ቤት የተበደርነው የአዛዡን ድምፅ ነው። የወታደር ቤት ደንብ፣ የንብረት ቆጠራ፣ የአቤቱታ መንገድ እንዳለው ግን ረስተናል። ያለ ደንብ የሚያዝ የጦር አለቃ በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ሽፍታ ይባላል።

መሐላና ማዕድ

በአንድ ነገር ላይ ከሳልቬሽን አርሚ ጋር ፈጽሞ አልስማማም። በ1883 ቡዝ ጥምቀትንና የጌታን እራት ማካሄድ አቆመ፤ እስከ ዛሬም አያካሂዱም። ምክንያቶቹ የሚናቁ አልነበሩም። ሰዎች በሥርዓቱ ተደግፈው ልባቸውን እንዳይረሱ ፈራ፤ ከመጠጥ የተላቀቀ ሰው ወይን ባለበት ጽዋ እንዳይሰናከል አሰበ፤ ሴት ማዕድ ስትባርክ የሚነሣውን ሙግትም ያውቅ ነበር። በዚያ ፈንታ አዲስ ወታደር በባንዲራ ሥር ቆሞ «የጦርነት አንቀጾች» የተባለውን ቃል ኪዳን ይፈርማል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያጠና ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ምዕራባውያን ጥምቀትንና ማዕድን የሚጠሩበት «ሳክራሜንቱም» የሚለው የላቲን ቃል የሮማ ወታደር ለአዛዡ የሚገባው መሐላ ስም ነበር። የሰሜን አፍሪካው ተርቱሊያኖስ ቃሉን ለጥምቀት ሲያውል ያንን መሐላ እያሰበ ነው፤ አንድ ጊዜ ለክርስቶስ የማለ ለቄሣር መማል የለበትም ብሎ ይከራከርበታል። ቡዝ ሳክራሜንቱን ትቶ መሐላውን አስቀረ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በመሐላ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በማዕድ የምቀበለው እኔ ነኝ። በማዕድ ፊት ማዕረግ የለም፤ ጄኔራሉም ጫማ ጠራጊውም እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ሠራዊት ሆኖ ማዕድ የሌለው ቤት ወታደሩ ሲደክም የሚያበረታው በዋናነት ትእዛዝ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። በሌላ በኩል፣ በወር አንድ ጊዜ ማዕድ እየቆረሱ በማግስቱ በትእዛዝ ብቻ የሚኖሩ አጥቢያዎችም አሉ፤ እነርሱ ቡዝን የሚወቅሱበት አፍ የላቸውም።

የጳውሎስ ወታደር

ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 2፥3–6 ላይ ወታደሩ ብቻውን አይደለም፤ ሯጭና ገበሬ አብረውት አሉ። ወታደሩ የተጠቀሰውም ስለሚያዝዝ አይደለም፤ መከራ ስለሚቀበልና ላስመዘገበው ጌታ ስለሚኖር ነው። በኤፌሶን 6 የጦር ዕቃው የሚለበሰው በመላዋ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የትከሻ ምልክት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በፊልጵስዩስ 2፥25 ጳውሎስ አፍሮዲጡን የሚጠራበት የግሪክ ቃል «ሱስትራቲዮቴስ» ነው፤ አብሮ ወታደር ማለት ነው። ይህ ሰው ምን ሠራ? ለእስረኛ ስጦታ አደረሰ፣ ታመመ፣ ሊሞት ቀረበ። በፊልሞና መልእክት አርክጳም የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። ጳውሎስ ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ከእርሱ በታች ያለ ወታደር አይጠራም፤ ሁልጊዜ «አብሮ» የሚል አለበት። በሉቃስ 7 ያለው መቶ አለቃም ስለ ሥልጣን መናገር የሚጀምረው ራሱ ከሥልጣን በታች መሆኑን በመግለጽ ነው። «እኔን ታዘዙ» የሚል መሪ «እኔስ ለማን እታዘዛለሁ?» ለሚለው የሚታይና የሚጠራ መልስ ሊኖረው ይገባል። «ለእግዚአብሔር ብቻ» ማለት ለማንም አልታዘዝም ማለት ሊሆን ይችላል።

የራሳችን ታሪክም ይህን ያውቃል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሜኖናውያን ሚስዮን የተተከለች፣ ሰላምን የምታስተምር ቤት ናት። በ1974 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ዘጋት፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ዩኒፎርም አልነበረም፣ መድረክም አልነበረም። በየቤቱ ጥቂት ሰዎች በዝቅተኛ ድምፅ ይጸልያሉ፤ ሴቶች ቤታቸውን ይከፍታሉ፣ ያስተምራሉ፣ መልእክት ያደርሳሉ። አለቃው ቢታሰር ሥራው አልቆመም። ሠራዊት የነበረው ከበር ውጭ የቆመው ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንዲት አጥቢያ የሽማግሌዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። በዚያ አንዲት ወንጌላዊት ታገለግል ነበር፤ እኔ እኅቴ ነው የምላት። በየሳምንቱ ሐሙስ ወደ ዘነበወርቅ ትሄዳለች። ሰፈሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ከጣሊያን ወረራ በፊት በሥጋ ደዌ ለተጎዱ ሰዎች ሆስፒታል ያቋቋሙበት፣ በ1965 አለርት የተመሠረተበት፣ ታካሚዎቹም ከዳኑ በኋላ በዙሪያው ቤት ሠርተው የቀሩበት ነው። እኅቴ የአረጋውያኑን እግር ታጥባለች፣ ቁስል ታያለች፣ ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። አንድ ቀን የዝውውር ደብዳቤ ተሰጣት፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ክፍል። ቀርባ ምክንያቱን በትሕትና ጠየቀች። ሰብሳቢው «ወታደር ምክንያት አይጠይቅም» አሏት። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

በፍትሐዊነት ልናገር፤ በሳልቬሽን አርሚም መኮንን በትእዛዝ ይዛወራል፤ ቤተሰብ ይነቀላል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ። ግን መኮንኑ ገና ሲገባ የተጻፈ ደንብ አንብቦ ፈርሞ ነው፤ ያዘዘውም ሰው በደንብ የታሰረ ነው። እኅቴ የፈረመችው አልነበረም። የአጥቢያዋ መተዳደሪያ ደንብ በመሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እኔ ራሴ አንብቤው አላውቅም ነበር። እናንተስ የእናንተን አንብባችኋል? መጋቢውን የሚመዝነው ማነው? ሒሳቡን በየስንት ጊዜ፣ ከመሪው ዘመድ ውጭ የሆነ ማን ያየዋል? አገልጋይ ሲዛወር ወይም ሲሰናበት ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል? አቤት የሚልበት ቦታ የት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ዓለማዊ ናቸው የሚል አገልጋይ የሐዋርያት ሥራ 6ን ደግሞ ያንብብ፤ የመበለቶች ማዕድ አቤቱታ ሲነሣ ሐዋርያቱ ያጉረመረሙትን አላባረሩም።

ተማሪዬ መልሱን እየጠበቀ ነበርና ከክፍል በኋላ ያን ቀን የሆነውን ነገርሁት። «እርስዎ ምን አሉ?» አለኝ። ምንም አላልሁም፤ ቃለ ጉባኤ ነበር የምይዘው። የጻፍሁትንም ነገርሁት፦ «የእኅት የዝውውር ጉዳይ በመግባባት ተጠናቀቀ።» በራሴ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። እኅቴ እስከ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ በራሷ የታክሲ ሳንቲም ወደ ዘነበወርቅ ትወርዳለች። መዝገቡን ያስተካከለው ሰው የለም።